የተረገጠው ግምጃ፦ ቀይ ቀለም በኤስኪለስ «ኦሬስቲያ»



ለብዙ ዓመታት በክፍል ውስጥ «በትራጄዲ መድረክ ላይ ቀይ ቀለም የደም ምልክት ነው» እያልሁ አስተምሬአለሁ። ተማሪዎቼም ይህንኑ በፈተና ወረቀት ላይ መልሰው ሲጽፉልኝ ሙሉ ነጥብ ሰጥቻቸዋለሁ። ዛሬ ያንን ትምህርቴን ለማረም እሞክራለሁ። ምስክሬ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 ዓመት በአቴንስ፣ በዲዮኒሶስ በዓል ለውድድር ቀርቦ አንደኛ የወጣው የኤስኪለስ ባለ ሦስት ክፍል ትራጄዲ «ኦሬስቲያ» ነው።

በመጀመሪያው ተውኔት ንጉሥ አጋሜምኖን ትሮይን ድል አድርጎ ወደ አርጎስ ይመለሳል። ሚስቱ ክሊቴምኔስትራ ከሠረገላው እስከ ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ሐምራዊ ግምጃ ታስነጥፍለታለች። ንጉሡ እንዲህ ያለው ክብር ለአማልክት እንጂ ለሰው አይገባም ብሎ ያመነታል፤ በመጨረሻ ግን ጫማውን አስወልቆ ይረግጠዋል። ወደ ቤቱ ይገባል፤ በሕይወትም አይወጣም።

የዘመናችን ተመልካች እዚህ ላይ ደም ያያል። የአቴንስ ተመልካች ግን አስቀድሞ ያየው ሀብት ይመስለኛል። ይህ ቀለም የሚገኘው ከባሕር ቀንድ አውጣ ነበር፤ ኬሚስቱ ፓውል ፍሪድሌንደር በ1909 እ.ኤ.አ. ከ12,000 ቀንድ አውጣዎች ያገኘው 1.4 ግራም ብቻ ነው። ንጉሡ ራሱ በብር የተገዛን የቤት ሀብት በእግር ማበላሸት እንደሚያሳፍረው ይናገራል። ለጦርነቱ ሲል የገዛ ልጁን ኢፊጌኒያን የሠዋ ሰው፣ የከበረን ነገር ሲረግጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

በሁለተኛው ተውኔት ልጁ ኦሬስቴስ እናቱን ገድሎ፣ አባቱ የተጠመደበትን ልብስ በአደባባይ ይዘረጋል። ደሙ የልብሱን ቀለም አበላሽቶታል። እንግዲህ ቀለሙ ደም ማለት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ደም እንዴት ያበላሸው ነበር?

በሦስተኛው ተውኔት ደም ተበቃይ አማልክት የሆኑት ኤሪኒዎች፣ በአርዮስፋጎስ ችሎት ከተረቱ በኋላ የአቴናን ቃል ሰምተው በከተማይቱ ለመኖር ይስማማሉ። በፍጻሜው ሰልፍ ላይ ቀይ ልብስ ይታያል። የግሪኩ ቃል ከመጀመሪያው ተውኔት ይለያል፤ ሁለቱም ግን ከደማቅ ቀይ እስከ ሐምራዊ የሚደርሰውን የቀለም ወገን ይጠቅሳሉ። በፓናቴናያ በዓል ሰልፍ በአቴንስ የሚኖሩ መጻተኞች ቀይ ካባ ይለብሱ ስለ ነበር፣ ተመልካቹ ምልክቱን ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገውም፤ ባዕድ የነበረው የከተማው ነዋሪ ሆኗል።

ይህም ባዶ ጌጥ አልነበረም። ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ኤፊያልቴስ የአርዮስፋጎስን ጉባኤ ሥልጣን በእጅጉ ቀንሶ ነበር፤ እርሱም ተገደለ። ቂም ባረገዘች ከተማ ፊት ኤስኪለስ በደጃፍ የተረገጠውን ቀለም ወስዶ የዕርቅ ልብስ አደረገው።

ስለዚህ ከእንግዲህ በፈተና «ይህ ቀለም የምን ምልክት ነው?» ብዬ አልጠይቅም። በስንት እንደ ተገዛ፣ ማን እንደ ረገጠው፣ በመጨረሻም ማን እንደ ለበሰው እጠይቃለሁ።