ከሱቅ ዐረቢ «አልፍ» እስከ ሃያ አሃዙ ቁጥር

ስለ ትልልቅ ቁጥሮች ስናስተምር ብዙ ጊዜ የምንነሳው ከመጽሐፉ ነው። ዛሬ ግን ከካርቱሙ ሱቅ ዐረቢ እንነሳ፤ በ2023 የተነሳው ጦርነት ሳይዘርፈውና ሳያቃጥለው በፊት ከምናውቀው ገበያ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሱዳን በ1992 ዲናርን ስታወጣ አንድ ዲናር 10 ፓውንድ ሆነ። ሕዝቡ ግን አፉን አልቀየረም። ኖቱ ላይ 100 ዲናር ተጽፎ ነጋዴው «አልፍ» ይላል፤ ሺህ ፓውንድ ማለቱ ነው። በ2007 አዲሱ ፓውንድ በ100 ዲናር ሒሳብ ወጣ፣ አንዷ አዲስ ፓውንድም እንደገና «አልፍ» ተባለች።

በዚህ ላይ የኛ ጆሮ አለ። የዐረቡ «አልፍ» ሺህ ነው፣ የግዕዙ «እልፍ» ግን አሥር ሺህ። ቃሎቹ ዘመዳሞች ናቸው፣ ዋጋቸው ግን አሥር እጥፍ ይለያያል። በዲናሩ ዘመን ከኛ አንዱ ዕቃ ሊሸከም በቀን «ዐሸራ አልፍ» ተዋዋለ። አሥር ሺህ ዲናር መስሎት ዋለ፤ ማታ የተቆጠረለት 1,000 ዲናር። ተሰረቅሁ ብሎ ጮኸ። ወረቀት የሌለው ስደተኛ ገበያ መሐል ሲጮኽ ምን እንደሚመጣበት እናንተም ታውቁታላችሁ። ደግነቱ አንድ እዚያ የቆየ ያገራችን ሰው ዜሮዎቹን ቆጥሮ አስረዳንና ፖሊስ ሳይመጣ ተለያየን። ያልገባን ደግሞ እኛ አስተማሪ ነን ባዮቹ ነበርን!

እንግዲህ ዜሮ ከተነሳ፣ በጥንት ቤተ መንግሥቶቻችንም ይጫወቱት የነበረውን ሰንጠረዥ እናስታውስ። 64 ቤቶች አሉት። ተረቱ እንደሚለው አንድ ብልህ ሰው ንጉሡን በመጀመሪያው ቤት አንድ ፍሬ እህል፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት፣ እንዲሁ እጥፍ እያደረግህ ስጠኝ አለው። ንጉሡ ሳቀ። ድምሩ ግን 18,446,744,073,709,551,615 ነው።

አል-ቢሩኒ በ1000 ዓ.ም. ገደማ ይህን ቁጥር አስልቶ ጽፎታል። ቤት በቤት መደመር አያስፈልግም፤ 2ን በራሱ አባዙ፣ ውጤቱንም በራሱ፣ እንዲህ ስድስት ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ቀንሱ። አሃዞቹ ሲደመሩ 87 ስለሚሆኑ ቁጥሩ ለ3 ይካፈላል፤ በ5 ስለሚያልቅ ለ5ም ይካፈላል። ሙሉ ብትንትኑ 3 × 5 × 17 × 257 × 641 × 65,537 × 6,700,417 ነው።

641 የራሷ ታሪክ አላት። ፈረንሳዊው ፈርማ 4,294,967,297ን ብቸኛ ቁጥር ነው ብሎ ገምቶ ነበር። በ1732 ኦይለር 641 × 6,700,417 መሆኑን አሳየ። ትልቅ ሰውም ይሳሳታል ማለት ነው፣ ዲናር የጠፋበት ብቻ አይደለም።

ክፍል ውስጥ ስንሞክረው ባለ 8 አሃዙ ካልኩሌተር 65,536ን በራሱ ስናባዛ «ኢ» ብሎ ቆመ። ቀሪውን በጠመኔ ጨረስነው፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ ፈጀ።