ቤቱን የሚያውቀው ማነው? የባውሃውስ ትምህርትና የነዋሪው ድምፅ

በአገራችን ገጠር ጎጆ ሲቀለስ ነዳፊው ማን፣ ገንቢው ማን፣ ነዋሪው ማን እንደሆነ ለይቶ መናገር ያዳግታል። ባለቤቱ እንጨቱንና ሣሩን ያቀርባል፤ ጎረቤት በደቦ ተሰብስቦ ምሰሶውን ያቆማል፣ ግድግዳውን ይማግራል፣ ጣራውን ይከድናል። በሩ ወዴት ይዙር፣ መደቡ በየት በኩል ይሁን፣ ጥጆቹ የት ይደሩ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው በእንደዚያው ያለ ቤት ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ከተማ ሲስፋፋና ንድፍ በትምህርት ቤት የሚገኝ ሙያ ሲሆን ግን ሦስቱ ይለያያሉ። ነዳፊው ነዋሪውን አያውቀውም፤ ገንቢው ለሁለቱም ባዕድ ነው፤ ነዋሪውም ያልተጠየቀበትን ቤት ቁልፍ ይረከባል። የንድፍ ትምህርት ዐቢይ ጥያቄ፣ በመሠረቱ፣ የተለያዩትን እነዚህን ሦስት ወገኖች እንዴት ዳግም ማገናኘት ይቻላል የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ በትምህርት ቤት ደረጃ አንሥተው ከታገሉት መካከል በጀርመን አገር የተቋቋመው ባውሃውስ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። ስለ ባውሃውስ ሲወሳ ብዙውን ጊዜ የሚታወሱት ከብረት ቧንቧ የተሠሩት ወንበሮቹና ነጫጭ ግድግዳዎቹ ናቸው። ይህ ጽሑፍ ግን የሚያተኩረው እምብዛም ባልተነገረለት ዘመኑ፣ ትምህርት ቤቱ ከተማሪዎቹ ጋር በኅብረት መንደፍንና የነዋሪውን ኑሮ ማጥናትን የትምህርቱ ማዕከል ለማድረግ በሞከረበት ዘመን ላይ ነው። (የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከካቴድራሉ ወደ ሥራ ክፍሉ

ዋልተር ግሮፒየስ ባውሃውስን በ1919 በቫይማር ከተማ ሲያቋቁም አንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና ጥቂት ወራት መቆጠራቸው ነበር። በትምህርት ቤቱ መግለጫ ሽፋን ላይ የወጣው የሊዮኔል ፋይኒንገር የእንጨት ሕትመት ሥዕል የሚያሳየው ካቴድራል ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። በመካከለኛው ዘመን ካቴድራል ሲታነፅ ድንጋይ ጠራቢው፣ አናጢው፣ ሠዓሊውና የመስታወት ባለሙያው በአንድ ግቢ ውለው፣ አንዱ የሌላውን ሥራ እያየ ይሠሩ ነበር። የግሮፒየስም ምኞት በአካዳሚውና በፋብሪካው መካከል የተበተኑትን ሙያዎች እንደገና በአንድ ጣራ ሥር ማሰባሰብ ነበር።

የትምህርቱ አደረጃጀት ይህንኑ ምኞት ተከትሏል። አዲስ ገቢው ተማሪ በቅድሚያ የመሰናዶ ትምህርት ይወስዳል። ዮሐንስ ኢተን በጀመረው፣ ላስሎ ሞሆይ-ናጊና ዮሴፍ አልበርስ በኋላ በየፊናቸው ባስፋፉት በዚህ ትምህርት ተማሪው እንጨቱን፣ ብረቱን፣ ወረቀቱንና ጨርቁን በእጁ እየዳሰሰ ጠባዩን ይመረምራል። ቀጥሎ ወደ አንዱ የሥራ ክፍል ይገባል። በቫይማር ዘመን እያንዳንዱን የሥራ ክፍል ሁለት መምህራን ይመሩት ነበር፤ አንዱ ቅርጽን የሚያስተምር ሠዓሊ፣ ሁለተኛው የእጅ ሙያ ዐዋቂ።

ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበር። የጥበባት ሁሉ መድረሻ ሕንፃ ነው ብሎ የሚያስተምረው ይህ ትምህርት ቤት፣ በ1925 ወደ ደሳው ከተዛወረና በታኅሣሥ 1926 የታወቀውን ሕንፃውን ከመረቀ በኋላ እንኳ፣ ራሱን የቻለ የሕንፃ ትምህርት ክፍል አልነበረውም። ክፍሉ የተከፈተው በ1927 ሲሆን፣ እንዲመራው የተጠራው የስዊዘርላንዱ ተወላጅ ሃነስ ማየር ነው።

የማየር ጥያቄ

ማየር በ1889 በባዝል ከተማ ተወለደ። የልጅነት ዘመኑን ከፊል ያሳለፈው በሕፃናት ማሳደጊያ ነው። ከ1919 እስከ 1921 በባዝል አቅራቢያ ለኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት ፍራይዶርፍ የተባለውን ባለ 150 ቤት መንደር ሠርቷል። የጋራ ኑሮን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው አልነበረም ማለት ነው። በሚያዝያ 1928 የግሮፒየስን ቦታ ተረክቦ ዳይሬክተር ሲሆን ለትምህርት ቤቱ ያስቀመጠው መመሪያ ከቅንጦት ፍላጎት ይልቅ የብዙኀኑ ፍላጎት ይቅደም የሚል ነበር።

የዚህ መመሪያ ቁም ነገር ያለው በመፈክርነቱ ሳይሆን በማስተማሪያ ዘዴው ላይ ባመጣው ለውጥ ነው። ማየር ንድፍ የአንድ ባለ ተሰጥኦ ሰው ራእይ ነው የሚለውን እምነት አልተቀበለም። ተማሪው እርሳስ ከማንሣቱ በፊት የሰዎቹን ውሎና አዳር ማጥናት አለበት፤ መቼ ይነሣሉ፣ የት ያበስላሉ፣ እንዴት ይታጠባሉ፣ እንዴትስ ይተኛሉ፣ ፀሐይ በየትኛው ሰዓት በየትኛው መስኮት ትገባለች? እርሱ ያዘጋጀው ዝርዝር ወደ ቤቱ የሚመጡትን ሰዎች ሁሉ ያካተተ ነበር። ፖስተኛው፣ ጎረቤቱ፣ ሐኪሙ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ የልጆቹ የጨዋታ ጓደኛ፣ ጋዝ ቆጣሪውን ሊያነብ የሚመጣው ሰው፣ ሌባው ሳይቀር ተቆጥረዋል። ተውኔት ለሚጽፍ ሰው ይህ ዝርዝር እንግዳ አይሆንበትም። መድረክ ላይ በየትኛው በር ማን እንደሚገባና በየትኛው እንደሚወጣ ሳያውቅ ትዕይንት የሚያዋቅር ደራሲ የለምና።

ሁለተኛው ለውጥ የኅብረት ሥራ ነው። ጀማሪውና ነባሩ ተማሪ በአንድ ቡድን ተደራጅተው እውነተኛ ሥራ፣ ማለትም እውነተኛ ባለቤት፣ እውነተኛ በጀትና እውነተኛ የመጨረሻ ቀን ያለው ሥራ እንዲሠሩ ተደረገ። ነባሩ ጀማሪውን ያስተምራል፤ ጀማሪውም ነባሩ መጠየቅ የተወውን ይጠይቃል። የሥነ ልቡና፣ የማኅበራዊ ኑሮና የሳይንስ ምሁራንም ንግግር እንዲያደርጉ ይጋበዙ ነበር።

በርናው፤ ዐሥር ሰዎች በአንድ ማዕድ

የዚህ ዘዴ ዋነኛ ፍሬ ከበርሊን በስተ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በበርናው ከተማ ዳርቻ፣ በጫካ ውስጥ የተሠራው የጀርመን ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበራት ትምህርት ቤት ነው። ማየርና የሥራ ባልደረባው ሃንስ ቪትቨር ውድድሩን በ1928 አሸንፈው፣ ከባውሃውስ የሥራ ክፍሎችና ተማሪዎች ጋር ሠርተውት፣ በግንቦት 1930 ተመረቀ።

ነዳፊዎቹ የተነሡት ሕንፃው ምን ይምሰል ከሚለው ሳይሆን ማን ይመጣበታል ከሚለው ጥያቄ ነው። የሚመጡት ከፋብሪካና ከማዕድን ጉድጓድ ለጥቂት ሳምንታት ትምህርት የሚላኩ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ 120 ሠራተኞች ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው በ120 እንግዶች መካከል በአንድ ጊዜ ቢገባ ይጠፋል፤ ለብቻው ክፍል ቢሰጠውም ሳይተዋወቅ ይመለሳል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል፣ አምስት ክፍሎች ወይም ዐሥር ሰዎች በአንድ ቡድን እንዲሆኑ ተወሰነ። ዐሥሩ አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ይማራሉ፣ በአንድ ማዕድ ይበላሉ። የሕንፃው ቅርጽ የተገኘው ከዚህ ስሌት ነው። የመኖሪያ ክፍሎቹ እንደ መሬቱ ተዳፋት ደረጃ በደረጃ ተሰድረው በረጅም የመስታወት መተላለፊያ ተያይዘዋል። ቡድኖቹ የሚለዩት በቀለም ስለሆነ አዲስ መጪው ቤቱን በቀላሉ ያገኛል። ከመኝታ ክፍሉ ወደ ምግብ አዳራሹ የሚሄድ ሰው ደግሞ በመስታወቱ ውስጥ ጫካውን እያየ፣ ከሌሎች ጋር እየተገናኘ ያልፋል። መተላለፊያው ራሱ የመተዋወቂያ ቦታ ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ሥራ የሸማኔዎቹም ድርሻ አለበት። የሽመና ክፍል ተማሪዋ አኒ አልበርስ ለአዳራሹ ግድግዳ መሸፈኛ የሚሆን ጨርቅ ሠርታለች። አንዱ ገጹ ድምፅን የሚያምቅ ለስላሳ ድር፣ ሌላው ገጹ ብርሃንን የሚመልስ ሴሎፎን ነበር። አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ተናጋሪውን በግልጽ መስማት ለሚፈልግ ሠራተኛ የተሠራው ይህ ጨርቅ በ1930 ለዲፕሎማ አብቅቷታል። ጨርቁ ውብ መሆኑ አልቀረም፤ ውበቱ ግን ሥራውን ተከትሎ የመጣ ነው።

በዚያው ዓመት በደሳው-ቶርተን የተማሪዎች ቡድን በማየር መሪነት አምስት ባለ ሦስት ፎቅ የኪራይ ቤቶች ሠራ። 90ዎቹ መኖሪያዎች እያንዳንዳቸው ወደ 48 ካሬ ሜትር የሚጠጉ ሲሆኑ ወርኀዊ ኪራያቸው 37.50 ማርክ ነበር። የጋራ መተላለፊያዎቹ በሰሜን በኩል ተደርገው የመኖሪያ ክፍሎቹ ወደ ደቡብ፣ ወደ ፀሐይ ዞረዋል። ተማሪ የነደፈው ቤት ሠራተኛ የሚከፍለው ኪራይ ሆኖ ሲገኝ፣ ትምህርትና ኑሮ ተገናኙ ለማለት ይቻላል።

መበተን

ይህ ጅምር ዕድሜ አላገኘም። ማየር የግራ ፖለቲካን በትምህርት ቤቱ አስፋፍቷል ተብሎ ነሐሴ 1 ቀን 1930 በደሳው ከተማ አስተዳደር ከሥራ ተሰናበተ። ከጥቂት ተማሪዎቹ ጋር ወደ ሞስኮ ተጓዘ። በ1936 ከዚያ ሲወጣ ከተከታዮቹ አንዳንዶቹ ቀሩ፤ በአሥርተ ዓመቱ መጨረሻ በነበረው የሽብር ዘመን የታሰሩና የተገደሉም አሉባቸው። እርሱ በሜክሲኮ ዐሥር ዓመት ሠርቶ በ1954 በስዊዘርላንድ ዐረፈ። ባውሃውስም በ1933 በርሊን ላይ ተዘጋ።

በበርናው የደረሰው ደግሞ ለሁላችንም ትምህርት ይሆናል። በ1933 ናዚዎች የሠራተኛ ማኅበራቱን አፍርሰው ትምህርት ቤቱን ወረሱት፤ የራሳቸውንም ሰዎች አሠለጠኑበት። ለጓደኝነት የተነደፈ ሕንፃ የጓደኝነትን ጠላቶች አስተናገደ። ከጦርነቱ በኋላ እስከ 1990 የምሥራቅ ጀርመን ሠራተኛ ማኅበራት ትምህርት ቤት ሆኖ አገለገለ፤ ታድሶም በ2017 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው የባውሃውስ ቅርስ ጋር ተካተተ። ግድግዳ የቱንም ያህል በጥበብ ቢነደፍ የተሠራበትን ዓላማ በራሱ ሊጠብቅ አይችልም። ጠባቂው በውስጡ ያለው ሰው ነው።

ጥያቄው ግን ከተበተኑት ተማሪዎች ጋር ተጓዘ። በበርናው ግንባታውን ከተቆጣጠሩት አንዱ አርዬ ሻሮን ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1960ዎቹ፣ ይኸው ሰው በናይጄሪያ የኢፌ ዩኒቨርሲቲን ግቢ ነደፈ። እዚያ የሚታዩት ሕንፃዎች በርናውን አይመስሉም። አንዳንዶቹ የተገለበጠ ፒራሚድ ቅርጽ አላቸው፤ የላይኛው ፎቅ ከታችኛው እየሰፋ ስለሚሄድ ከሐሩር ፀሐይና ከዝናብ ይከላከላል፤ ክፍት መተላለፊያዎቹም ነፋስ ያሳልፋሉ። ተማሪው ከመምህሩ የወረሰው ቅርጽን ሳይሆን ማን ይኖርበታል፣ በምን ዐይነት ሰማይ ሥር የሚለውን ጥያቄ ነው።

የነዋሪው መልስ

የሆነ ሆኖ በማየር ዘዴ ውስጥ መልስ ያላገኘ ነገር ነበር። ነዋሪው ይጠናል እንጂ አይነድፍም። ስለ እርሱ ዝርዝር ይዘጋጃል፤ ዝርዝሩን የሚተረጉመው ግን ሌላ ሰው ነው። ነዋሪው በበኩሉ ድምፁን የሚያሰማው ቁልፉን ከተረከበ በኋላ፣ በመዶሻና በመሮ ነው።

በዚያው በቶርተን ግሮፒየስ ከ1926 እስከ 1928 ያሠራቸውን 314 ቤቶች ባለቤቶቹ ብዙም ሳይቆዩ ይለውጧቸው ጀመር። መስኮት ያልተነካበት ቤት ጥቂት ነው። በፈረንሳይ አገር ለኮርቡዚዬ በ1926 በፔሳክ የሠራቸው ቤቶችም ተመሳሳይ ዕጣ ገጠማቸው። ሰፊው መስኮት ጠበበ፣ ጠፍጣፋው ጣራ በክዳን ተሸፈነ፣ ሰገነቱ ክፍል ሆነ። ብዙዎች ይህን እንደ ውድቀት ሲቆጥሩት፣ ፊሊፕ ቡዶን የተባለ አርክቴክት ነዋሪዎቹን በየቤታቸው አነጋግሮ በ1969 ባሳተመው ጥናት ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ አሳየ። ለውጡ ነዋሪው ቤቱን የራሱ ያደረገበት ሥራ ነው፤ ንድፉም ይህን ለመፍቀድ የሚበቃ ሆኖ ተገኝቷል። ቡዶን ሊቁ የሣለውን ብቻ ሳይሆን ነዋሪው የጨመረውንም እንደ ሰነድ ማንበቡ ለጥናቱ ትልቅ ዋጋ ይሰጠዋል።

ከዚህ አንድ እርምጃ የቀደመው የቤልጅጉ አርክቴክት ሉሲየን ክሮል ነው። በብራስልስ አጠገብ የሉቨን ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች አስተዳደሩ ያቀረበላቸውን የመኖሪያ ዕቅድ አንቀበልም ብለው እርሱ እንዲነድፍላቸው ጠየቁ። ከ1970 ጀምሮ ክሮል ተማሪዎቹን ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር አስቀምጦ፣ በቀላሉ የሚቆረጥና የሚነሣ ሞዴል በእጃቸው ሰጥቶ አብሯቸው ነደፈ። የወጣው ሕንፃ መስኮቱ ከመስኮት አይመሳሰልም፤ ያየው ሁሉ የተለያዩ ሰዎች ድምፅ እንዳለበት ይረዳል። አስተዳደሩ ግን በመጨረሻ ከክሮል ጋር ተጣልቶ ሥራውን አቋረጠ። ማየርና ክሮል በዘመንም በሐሳብም የተራራቁ ቢሆኑ፣ ነዋሪውን ወደ ንድፉ ጠረጴዛ ያቀረበ ሰው የባለሥልጣን ወንበር እንደሚነቀንቅ የሁለቱም ታሪክ ይመሰክራል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የንድፍ መምህሩም፣ ዕቅድ አውጪውም፣ ከያኒውም የየድርሻውን ሊወስድ ይገባል። ተማሪ የሣለው ሥዕል በግድግዳ ላይ ተለጥፎ በመምህራን ዘንድ ከተመሰገነ በኋላ ትምህርቱ አለቀ ማለት አይቻልም። ሰዎች ከገቡበት ዓመት ያለፈው ቤት ዘንድ ሄዶ የትኛው በር እንደተደፈነ፣ የትኛው ግድግዳ እንደፈረሰ፣ ወጥ ቤቱ ወዴት እንደዞረ አይቶ ምክንያቱን መጠየቅ የትምህርቱ ክፍል መሆን አለበት። ዕቅድ አውጪውም ውሳኔው ካለቀ በኋላ ሕዝብ ሰብስቦ ማስረዳት ማማከር እንዳልሆነ ሊገነዘብ ይገባዋል። ጎጆውን በደቦ የሚቀልሰው ገበሬ በሩ ወዴት እንደሚዞር የሚጠየቀው ምሰሶው ከመቆሙ በፊት ነው።