የነሐሱ ፈታኝ

በቻይና አገር በሽተኛን በቀጭን መርፌ እየወጉ የማከም ጥበብ፣ ይኸውም አኩፓንክቸር፣ ከ2000 ዓመት በላይ የቆየ ነው። የሚወጋው ስፍራ ግን ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያይ ስለ ነበረ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1027 ዓ.ም. የሶንግ ቤተ መንግሥት ሐኪም ዋንግ ዌይዪ ገላቸው በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳሳ፣ በሰው ቁመት ልክ የሆኑ ሁለት የነሐስ ምስሎች አሠራ። በፈተና ቀን ምስሉ በሰም ይለበጣል፤ ውስጡም ፈሳሽ ይሞላል። ተማሪው ስፍራውን ቢያገኝ ፈሳሹ ይፈልቃል፤ ቢስት መርፌው አይገባም። እንዲህ ያለ የማያዳላ ፈታኝ ከየት ይገኛል! ዳሩ ግን ነሐሱ የሚመሰክረው ለተማሪው ዕውቀት እንጂ ለመርፌው ፈዋሽነት አልነበረም። ይህን ሁለተኛ ፈተና የዘመናችን ሐኪሞች ያዙት። መርፌው ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣውን ማቅለሽለሽ እንደሚያቀል፣ የቆየ የጀርባ ሕመምንም በመጠኑ እንደሚያስታግስ ተመለከቱ፤ ሆኖም ሆን ተብሎ ከስፍራው ውጭ የተወጋው በሽተኛም ብዙ ጊዜ ከዚያ በማይርቅ መጠን ተሽሎት ተገኘ።