የግብርና አታሼ
የአገሩን የእርሻ ምርት ለውጭ ገበያ የሚያስተዋውቅ፣ ኤምባሲ ውስጥ የሚመደብ የመንግሥት ባለሙያ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1953 የውጭ ግብርና አገልግሎትን አቋቋመ፤ አዲስ አበባም ቢሮ አለው። ቢሮው የኢትዮጵያ ስንዴ ስንት እንደተመረተና ስንት ከውጭ እንደሚገባ እየገመተ ሪፖርት ያወጣል፤ በአርሲ ደጋ ስንዴው ሲያምር የውጭ ሻጭ ገበያ ይጠባል። ስዊድን በአሰላ የመረጠችው መንገድ ሌላ ነበር፦ እ.ኤ.አ. በ1967 በእርዳታዋ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ለገበሬው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር አቀረበ። ለአርሲ የበጀው፣ ያለ ጥርጥር፣ ይኸኛው ነው። የኢትዮጵያ ኤምባሲዎች በበኩላቸው ከሁሉ አስቀድመው የሚያስተዋውቁት ቡናን ነው፤ የአርሲ የብቅል ገብስ ግን በአሰላ ብቅል ፋብሪካ በኩል ለአገር ውስጥ ቢራ ፋብሪካዎች ይቀርባል።