የተጋደመው ኬዝ

ኮምፒውተር ድሮ ተጋድሞ ነበር የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ጠረጴዛ ላይ ይተኛል፤ ሞኒተሩም በላዩ ይቀመጣል። ማዘርቦርዱ ከታች ተነጥፎ ካርዶቹ ቀጥ ብለው ይሰኩበት ነበር።

በ1987 ያው ኩባንያ ፒኤስ/2 ሞዴል 60ን ወለል ላይ የሚቆም አድርጎ አመጣው። ጠረጴዛው ነፃ ወጣ፤ ኬዙ ሲቆም ግን ካርዶቹ በተራቸው ተጋደሙ። ያኔ ካርዱ ቀላል ነበርና ብዙም አላስቸገረም። ዛሬ ግን አንዳንዱ ግራፊክስ ካርድ ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በቆመ ኬዝ ውስጥ በገዛ ክብደቱ ይዘምማል፤ ደጋፊ ይገዛለታል።

ስለዚህ ኮምፒውተር ራሳችሁ የምትገጣጥሙ ወዳጆች፣ የተጋደመውን ኬዝ «ጊዜው አልፎበታል» ብላችሁ አትለፉት። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የካርዱንና የማቀዝቀዣውን ቁመት ለኩ። ካልገባ ታሪኩ አያድናችሁም።