በጅማና በአካባቢዋ የቡና ከተሞች ልጅን ለሰርከስ አሠልጣኝ ስለ መስጠት፤ አጭር የታሪክ ጥናት

ስለ ጅማ የተጻፉት የታሪክ ጽሑፎች አብዛኛዎቹ የሚናገሩት ስለ ንጉሥ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፤ ስለ ሒርማታ ገበያና ስለ ቡና ንግድ ነው። ወላጅ ልጁን ለማን እንደ ሰጠ፤ ከመስጠቱ በፊትስ ምን ብሎ እንደ ጠየቀ የሚናገር ጽሑፍ ግን እምብዛም አይገኝም። በዚህች አጭር ጥናት ለመመርመር የሞከርሁት ይኸንኑ ነው፤ በተለይም ልጆች መገለባበጥን፤ አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ መቆምንና ወደ ላይ ተወርውሮ መቀለብን የሚማሩበትን የሰርከስ ቤት የሚመለከት ነው። ጉዳዩ ለታሪክ ተመራማሪ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን የሕፃን አንገት ሊሰበርበት የሚችል ነገር ቀላል ሊባል አይገባውም። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድመን የቀድሞውን ልማድ እንመልከት። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፤ ይኸውም ከ1878 እስከ 1932፤ ጅማ የእስልምና ትምህርት የገነነባት አገር ነበረች። አባት ልጁን ለቁርኣን አስተማሪ በሰጠ ጊዜ ልጁ በሎህ፤ ማለት በእንጨት ሰሌዳ ላይ፤ እየጻፈና እያጠበ ይማር ነበር። ሼኩም የሚከበረው በተማሪው ብዛት ብቻ ሳይሆን፤ እሱ ራሱ ከየትኛው ሼክ ዘንድ ቀርቶ እንደ መጣ በመታወቁ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ነገሩ ከዚህ አይለይም። ተማሪ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፤ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አባ፤ ለቅኔ ወደ ጎንጅና ወደ ዋሸራ የሚጓዘው የመምህሩ መምህር ማን እንደ ነበረ ስለሚታወቅ ነው። (በነገራችን ላይ አቋቋም ራሱ የሰውነት ትምህርት መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ መቋሚያ ይዞ ሲያሸበሽቡ ማደር ጉልበትንና ትንፋሽን የሚፈትን ነገር ነው።) እንግዲህ ሙስሊሙም ሆነ ክርስቲያኑ ወላጅ ልጁን ከመስጠቱ በፊት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበረ፤ «ይህ ሰው ከማን ተማረ?» የሚል።

የዘመናዊው ትምህርት መምጣት ይህንን ጥያቄ ከወላጅ አፍ ላይ ወሰደው ለማለት ይቻላል። በ1952 የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ሲከፈትም ሆነ ሌሎቹ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሲስፋፉ፤ አስተማሪውን የሚመርጠውና የሚመድበው መንግሥት ነበር። ወላጅ ልጁን ካስመዘገበ በኋላ ሥራው አለቀ። ከ1974 በኋላ ደግሞ የቀበሌ ኪነት በየከተማው ተቋቋመ፤ ወጣቶች ሲዘፍኑ፤ ሲጨፍሩና ትርዒት ሲያሳዩ የሚመራቸው ቀበሌው ነው። በዚያ ዘመን «ልጄን ለዚህ እሰጣለሁ፤ ለዚያ አልሰጥም» ብሎ ማማረጥ ለወላጅ የሚመች ነገር አልነበረም። እንግዲህ በ1991 መንግሥት በተለወጠ ጊዜ የጅማ ወላጅ ከመምረጥ ልማድ አንድ ትውልድ ያህል ርቆ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሰርከስ የመጣው ልክ በዚህ ወቅት ነው። በ1991 በአዲስ አበባ አንድ የካናዳ ተወላጅ የሆነ አስተማሪ የሠፈር ልጆችን መገለባበጥና ኳስ ማቅለብለብ ማስተማር ጀመረ፤ ከዚህም ሰርከስ ኢትዮጵያ የተባለው ቡድን ተወለደ። ብዙ ጊዜ ሳይቆይ በትግራይ፤ በጅማና በናዝሬት ቅርንጫፎች ተከፈቱ። ሰርከሱ የዝሆንና የአንበሳ ሰርከስ አልነበረም፤ ያለው መሣሪያ የልጆቹ ሰውነት ብቻ ነው። ትርዒቱም በአደባባይ የሚታይ ሲሆን በመካከሉ ስለ ኤድስና ስለ ሌሎች የማኅበራዊ ኑሮ ችግሮች ትምህርት ይሰጥበት ነበር። ከጅማም አልፎ በአጋሮ፤ በሊሙ ገነትና በመሳሰሉት የቡና ከተሞች የሚኖር ልጅ እነዚህን እኩዮቹን አይቶ በቡና ማድረቂያው አውድማ ላይ መገለባበጥ ቢጀምር የሚያስገርም አይደለም። እኛም በአጋሮ ጆንያ ውስጥ የቡና ገለባ ሞልተን፤ አፉን በሲባጎ ሰፍተን፤ ፍራሽ አድርገነው ነበር። ገለባው በሁለት ሳምንት ውስጥ ደቅቆ አቧራ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚወድቁት በአፈር ላይ ነው።

ታዲያ ወላጅ በምን ይምረጥ? አሮጌው ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ አጣ። ጥበቡ ከውጭ የመጣ ስለሆነ አሠልጣኙ ከማን እንደ ተማረ ተከትሎ ወደ ኋላ ለመሄድ አይቻልም፤ አንድ እርምጃ ሳይራመዱ ፈረንጁ ዘንድ ይደረሳል፤ ወይም ቪዲዮ ዘንድ። ታናሽ ወንድሜ አሥር ዓመት ሲሞላው በአጋሮ ከሚገኝ አንድ ቡድን ካልገባሁ ብሎ አስቸገረን። እናታችን ከመፍቀዷ በፊት ራሷ ሄደች፤ እኔም ተከተልኋት። አሠልጣኙ ከሃያ ዓመት ብዙ ያለፈ አይመስልም። እናቴ ሰላምታ ከሰጠችው በኋላ በመጀመሪያ የጠየቀችው «አንተስ ልጄ፤ ይኸን ከማን ተማርከው?» ብላ ነው። ልጁ አፈረና «ጅማ ከሚሠሩ ልጆች ትንሽ አየሁ፤ እትዬ፤ የቀረውን በራሴ ነው» አላት። እሷም አልተቆጣችም። ጫማዋን አውልቃ በእግሯ ወለሉን ጫን ጫን አደረገችው፤ ከዚያም ፍራሾቹን ቆጠረች። አራት ናቸው፤ ልጆቹ ግን ወደ ሃያ ይሆናሉ። ያን ጊዜ ሞኝነት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን እናቴ አዲሱን ጥያቄ በራሷ ጊዜ አግኝታዋለች፤ ሰውየው ከማን እንደ ተማረ ማወቅ ካልተቻለ ልጁ በምን ላይ እንደሚወድቅ ማወቅ ይቻላል።

ይህን ነገር ከባሕር ማዶ ታሪክ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም በአሜሪካ ከሰርከስ ሥራ ጋር እጅግ የሚመሳሰል ቺርሊዲንግ የሚባል ነገር አለ። ጅማሬው እኛ አስጨፋሪ ከምንለው የኳስ ደጋፊዎች መሪ የተለየ አይደለም፤ ጅማ አባ ጅፋር በ2018 የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ በወሰደ ጊዜ ሕዝቡን በጭብጨባና በዜማ ሲመሩ የነበሩትን ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። በ1898 ጆኒ ካምቤል የተባለ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሕዝቡ ፊት ወጥቶ ጩኸቱን መራ። በ1923 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሴቶች ገቡበት። በ1948 ሎሬንስ ኸርኪመር አሠልጣኝ ማኅበር አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ መገለባበጡና የሰው ፒራሚዱ እየበዛ ሄዶ ጩኸቱን ዋጠው፤ በመጨረሻም ኳስና ቡድን የሌላቸው፤ ለውድድር ብቻ የሚያሠለጥኑ የግል ቤቶች ተከፈቱ። በ2021 የዓለም ኦሊምፒክ ኮሚቴ ለማኅበራቸው ሙሉ እውቅና ሰጠ። እዚያ ወላጅ በዓመት ብዙ ሺህ ዶላር ይከፍላል፤ እዚህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥልጠናው በነጻ ነው። ነጻ ነው ሲባል ግን ልጁ አይከፍልም ማለት አይደለም፤ ትርዒት በተጠራ ቁጥር በሰውነቱ ይከፍላል። ይህ በመሆኑ ያገራችን ወላጅ «በነጻ እያስተማሩልኝ እንዴት አፌን ሞልቼ እጠይቃለሁ?» ይላል፤ የአሜሪካው ደግሞ «ይህን ያህል ከፍዬ እንዴት ሳይጠነቀቁ ይቀራሉ?» ብሎ ዝም ይላል። ሁለቱም ዝምታ ላይ ይገናኛሉ።

ስለ ወለሉ ጉዳይ አሜሪካኖቹም የተማሩት በጉዳት ነው። በ2006 አንዲት ተጫዋች በቅርጫት ኳስ ጨዋታ ላይ ከፒራሚድ ወድቃ ከተጎዳች በኋላ፤ በኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ያለ ፍራሽ ልጅን ወደ ላይ ወርውሮ መቅለብ ተከለከለ። እኛ ዘንድ በሲሚንቶ ላይ፤ በስታዲየም ሣር ላይ፤ አንዳንዴም በጭነት መኪና ላይ በተሠራ መድረክ ሦስት ሰው ቁመት ያለው ፒራሚድ ይሠራል። ነገሩን ያየ ሰው የሚያስተውለው ከሁሉ በላይ የቆመውን ትንሹን ልጅ ነው። መታየት ያለባቸው ግን ሌሎች ናቸው፤ ከታች የሚሸከሙት ጉልበታቸው የጠና መሆኑ፤ ከኋላና ከጎን እጁን ዘርግቶ የሚጠብቅ ሰው መኖሩ፤ ልጁ ሲወርድ የሚወርደው በሥርዓት መሆኑ ወይም መዝለሉ። ጠባቂ የሌለው ፒራሚድ በሥልጠና ላይ ካዩ፤ በትርዒት ቀን ጠባቂ ይቆማል ብሎ ማመን የዋህነት ነው።

ወንድሜ በአራተኛው ወር ወድቆ እጁ ከአንጓው ላይ ተሰበረ። አሠልጣኙ ደንግጦ ወደ ወጌሻ ወሰደው። የወጌሻ ጥበብ በአገራችን ብዙ ሰው የጠቀመ መሆኑን አልክድም፤ የወለቀን ትከሻ በቅጽበት የሚመልሱ አሉ። ነገር ግን ያገራችን ሐኪሞች ደጋግመው እንደ ጻፉት፤ የተሰበረ እጅ በቀርከሃ ከመጠን በላይ ጠብቆ ሲታሰር ደም መዝለቁን ያቆማል፤ ሥጋው ይሞታል፤ መጨረሻውም መቆረጥ ይሆናል፤ ይህም ጉዳት ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው በልጆች ላይ ነው። እናቴ ማታ ጣቶቹ ማበጣቸውንና መቀዝቀዛቸውን አይታ ማሠሪያውን በቢላዋ ቆረጠችው፤ ሌሊቱን በኪራይ መኪና ጅማ ሆስፒታል ደረስን። እጁ ዳነ። ወላጅ ልጁን ከመስጠቱ በፊት «ቢወድቅ ወዴት ትወስዱታላችሁ? መኪናውስ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ከዚህ በላይ ማስረዳት የሚቻለኝ አይመስለኝም።

የቡና ወራት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ቀዩ ቡና በሚለቀምበት ጊዜ፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፤ በጎማና በሊሙ ገጠር የልጅ እጅ ይፈለጋል። ልጁ ሁለት ወር ያህል ከሥልጠና ይቀራል፤ ይከብዳል፤ ወይም ይከሳል፤ ተሸካሚውም እንደዚሁ። በጥር ተመልሰው የገና ሰሞን ትርዒት ያመለጣቸውን ለመካስ ወዲያው ወደ ከፍታው ይወጣሉ፤ አደጋውም በዚህን ጊዜ ይበዛል። አስተዋይ አሠልጣኝ በጥር ልጆቹን እንደ አዲስ ገቢ ከመሬት ያስጀምራቸዋል። ችኩሉ ግን የትርዒቱን ቀን ይቆጥራል።

የሴት ልጆች ነገር በጅማ ዙሪያ ብዙ የሚያነጋግር ነው፤ ስለ ልብሱም፤ ስለ ሰዓቱም፤ ወንድ አሠልጣኝ ስለ መንካቱም። ወላጅ ይህን ሲያነሣ ኋላ ቀር ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። በ1998 ሰርከስ ኢትዮጵያ ወደ አውስትራሊያ በተጓዘ ጊዜ ከተጫዋቾቹ በርካቶች ወደ አገራቸው አንመለስም ብለው ጥገኝነት ጠየቁ፤ በመሪያቸውም ላይ የከባድ በደል ክስ አሰሙ። በአሜሪካም በ2022 በደቡብ ካሮላይና በአንድ የቺርሊዲንግ ማሠልጠኛ ላይ፤ አሠልጣኞች በልጆች ላይ የመድፈር በደል ፈጽመዋል የሚል ክስ ቀርቧል። በሁለቱም ቦታ ነገሩ አንድ መልክ አለው፤ ልጁ ወደ ውጭ የሚወጣበትና ስም የሚያገኝበት በር በአንድ ሰው እጅ ላይ ነው፤ ያም ሰው ከልጁ ጋር ለብቻው ይጓዛል። በሥልጠናው ሰዓት በሩ ክፍት መሆኑ፤ እናት በፈለገች ጊዜ ገብታ ለመቀመጥ መቻሏ፤ በጉዞም ከወላጆች አንዱ አብሮ መሄዱ ከልብሱ ርዝመት ይልቅ ክብደት ሊሰጠው የሚገባ ነገር ነው፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው።

ነገር ግን ሁሉም ጥላ አይደለም። ቢቢና ቢቹ ተስፋማርያም የተባሉት ወንድማማቾች በጅማ ያደጉና በኳስ ማቅለብለብ የታወቁ ናቸው፤ በእንግሊዝ አገር ኖረው ሰርከስ አቢሲኒያን አቋቋሙ፤ በ2017 በኤዲንብራ ፌስቲቫል ትርዒታቸውን ያሳዩ ሲሆን፤ በአዲስ አበባም ለሚሠለጥኑ ልጆች ድጋፍ ያደርጋሉ። እንዲህ ያሉት ሰዎች ሲበዙ አሮጌው ጥያቄ ቀስ በቀስ መልስ እያገኘ መጥቷል። ዛሬ በጅማ አንድ ወላጅ «ይህ ልጅ ከማን ተማረ?» ብሎ ቢጠይቅ፤ የሚመልስለት ስም አለ፤ ስሙ የተጠራውም ሰው በስልክ ይገኛል፤ «እገሌ ተማሪህ ነበር ወይ? ምን ዓይነት ልጅ ነው?» ለማለት ይቻላል። ሼኩና መሪጌታው ይመዘኑበት የነበረው ሚዛን ይኸው ነው።

ወንድሜ እጁ ከዳነ በኋላ ተመልሶ ገባ። እናቴ የፈቀደችው አሠልጣኙ ራሱ ወደ ቤት መጥቶ፤ ቡና ተፈልቶለት፤ ስድስት ተጨማሪ የስፖንጅ ፍራሽ ከነጋዴዎች መዋጮ እንደ ተገዛ ከነገራት በኋላ ነው። በማግስቱ ሄዳ ቆጠረቻቸው፤ አምስት ነበሩ። ስድስተኛው በልብስ ሰፊ ዘንድ ነው አሏት፤ እሷም ወደ ሰፊው ቤት ሄደች። ወንድሜ ዛሬ ቁመቱ ጨምሯል፤ ከላይ አይወጣም፤ ከታች ሆኖ ይሸከማል።