የአውቶሞቢል አየር ማቀዝቀዣ ድክመት፤ መንሥኤውና ምርመራው

የአውቶሞቢል አየር ማቀዝቀዣ ድክመት የሚባለው፣ በተለምዶ ኤሲ እየተባለ የሚጠራው መሣሪያ ነፋስ እየሰጠ ቅዝቃዜ ሲያንሰው፣ ወይም አንድ ጊዜ አቀዝቅዞ ሌላ ጊዜ ሲለግም የሚታይበት ሕፀፅ ነው። ከመንሥኤዎቹ መካከል የሚዘወተሩት የጋዝ መውጣት፣ የአየር መተላለፊያ መዘጋት፣ የኮንደንሰር ፋን መድከም፣ የኮምፕረሰር ክላች ማርጀትና ሙቅና ቀዝቃዛ አየር የሚያቀላቅለው በር መበላሸት ናቸው። ሕፀፁ በተገለጠ ጊዜ ብዙ ባለንብረቶች ጋዝ ለማስሞላት ይፈጥናሉ፤ ነገር ግን ጋዙ በተዘጋ ዑደት ውስጥ የሚመላለስ እንጂ እየተቃጠለ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ መጠኑ ጎድሎ ከተገኘ በአንድ ስፍራ ወጥቷል ማለት ነው፤ መጠኑ ሳይጎድል ቅዝቃዜው ከጠፋም ጋዝ መጨመር ጉዳት እንጂ ፈውስ አይሆንም። ስለዚህ ምርመራ ከጥገና መቅደም ይገባዋል።

የአሠራሩ ሥርዓት

ፈሳሽ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከአካባቢው ሙቀትን ይወስዳል፤ እንፋሎትም ተመልሶ ፈሳሽ ሲሆን የወሰደውን ሙቀት ይለቃል፤ የመሣሪያው ምሥጢር በሙሉ በዚህ የተፈጥሮ ሕግ ላይ የቆመ ነው። በሞተሩ ቺንጋ የሚዞረው ኮምፕረሰር ጋዙን አምቆ ግፊቱንና ሙቀቱን ከፍ ያደርግና ከራዲያተሩ ፊት ወደ ተተከለው ኮንደንሰር ይሰደዋል፤ በዚያም ጋዙ ሙቀቱን ለውጭው ነፋስ አስረክቦ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ ርጥበትን በሚመጥጥ ማድረቂያ አልፎ በኤክስፓንሽን ቫልቭ ጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ ግፊቱ በድንገት ይወድቃል፤ ከዚያም በዳሽቦርዱ ውስጥ በተሰወረው ኢቫፖሬተር እየፈላ፣ በላዩ ከሚያልፈው አየር ሙቀቱን ወስዶ እንደ ገና ወደ ኮምፕረሰሩ ይመለሳል።

በፋብሪካ የተገጠመ አየር ማቀዝቀዣ ያለውን አውቶሞቢል ለገበያ በማቅረብ ቀዳሚ የሆነው የአሜሪካው ፓካርድ ኩባንያ ሲሆን፣ ይህም የሆነው በ1940 እ.ኤ.አ. ሞዴሎቹ ነው። ለረጅም ዘመን ያገለገለው አር-12 የተባለው ጋዝ የኦዞንን ሽፋን የሚጎዳ መሆኑ ስለ ታወቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ከተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት በኋላ ስፍራውን ለአር-134ኤ ለቀቀ፤ በአዳዲስ መኪኖች ደግሞ ይህም በአር-1234ዋይኤፍ እየተተካ ነው። እነዚህ ጋዞች ተቀላቅለው ሊሞሉ አይገባም፤ የኮምፕረሰሩም ዘይት አምራቹ ካዘዘው ዓይነት መለየት የለበትም።

ምልክቶችና መንሥኤዎቻቸው

ለጠንቃቃ መርማሪ የመጀመሪያው ጥያቄ ቅዝቃዜው የጠፋው መቼ ነው የሚለው ነው። መኪናው በሚሮጥበት ጊዜ ቀዝቅዞ መብራት ላይ ሲቆም ወይም በመንገድ መጨናነቅ ሲያዘግም የሚሞቅ ከሆነ፣ ጥርጣሬው በኮንደንሰሩና በፋኑ ላይ ይወድቃል፤ በሩጫ የሚመጣው ነፋስ የፋኑን ድካም ይሸፍነው ነበርና። ይህንን ለማረጋገጥ መካኒኮች ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በኮንደንሰሩ ላይ ንጹሕ ውኃ በቀስታ ያፈሳሉ፤ ውኃው እንደ ነካው ከመኪናው ውስጥ የሚወጣው አየር ከቀዘቀዘ፣ የጎደለው ጋዝ ሳይሆን የኮንደንሰሩ መቀዝቀዝ ነው።

ነፋሱ ራሱ ደካማ ከሆነ የውስጥ አየር ፊልትሮው በአቧራ መዘጋቱን ወይም የነፋስ መንፊያው ሞተር መድከሙን መመልከት ያስፈልጋል። ነገር ግን ነፋሱ ጉዞው ሲጀመር ብርቱ ሆኖ ከረጅም ሰዓት በኋላ እየቀጠነ ከሄደ፣ ኤሲው ለጥቂት ጊዜ ተዘግቶ ሲከፈትም ኃይሉ ከተመለሰ፣ ኢቫፖሬተሩ በረዶ ጋግሯል፤ ይህም የሚሆነው ቅዝቃዜው ከልክ ሳያልፍ ኮምፕረሰሩን ማሳረፍ የሚገባው የሙቀት መለኪያ ሥራውን ሲስት፣ ወይም በኢቫፖሬተሩ ላይ የሚያልፈው አየር ሲያንስ ነው።

ጠዋት በደንብ ሠርቶ ሞተሩ በጋለ ጊዜ የሚያቋርጥ ኤሲ ደግሞ ብዙ ጊዜ የክላች ሕመምተኛ ነው። ክላቹ በኤሌክትሪክ ማግኔት ኃይል እየተሳበ ኮምፕረሰሩን ከቺንጋው ፑሌጃ ጋር የሚያገናኝ ሲሆን፣ በሁለቱ ገጾች መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ ገጾቹ በአገልግሎት ብዛት ተበልተው ክፍተቱ ሲሰፋ፣ የጋለው ማግኔት የመሳብ ኃይሉ ስለሚቀንስ ክላቹ ይለቃል፣ ሲቀዘቅዝም ተመልሶ ይይዛል። ክላቹ በየጥቂት ሰኮንዱ ጠቅ እያለ ቢይዝና ቢለቅ ግን የጋዝ ማነስ ምልክት ሊሆን ይችላል።

በሾፌሩ በኩል ቀዝቃዛ፣ በተሳፋሪው በኩል ሙቅ አየር ከመጣ በቅድሚያ የአየር ማቀላቀያው በር ይመረመራል፤ በአንዳንድ መኪኖች ግን የጋዝ ማነስም ይህንኑ ልዩነት ያመጣል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ምርመራ ከዓይንና ከእጅ ይጀምራል። ሞተሩ ሳይነሣ የቺንጋው ውጥረት፣ የፊውዙና የሪሌዩ ደኅንነት፣ የኮንደንሰሩ ንጽሕና፣ እንዲሁም በቱቦዎቹ መጋጠሚያ ላይ የሚታይ የቅባት እድፍ ይታያል፤ ጋዝ በሚወጣበት ስፍራ የኮምፕረሰሩ ዘይት አብሮ ስለሚወጣ፣ አቧራ የያዘ የረጠበ እድፍ ለመርማሪው ጉልህ ትእምርት ነው። ቀጥሎ ሞተሩ ተነሥቶ ኤሲው በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ፣ ወደ ኮምፕረሰሩ የሚመለሰው ወፍራሙ ቱቦ ቀዝቅዞ ማላብ፣ ከእርሱ የሚወጣው ደግሞ መጋል አለበት፤ የጋለው ቱቦ እጅን ሊያቃጥል ስለሚችል በጥንቃቄ ይፈተናል።

ከዚህ በኋላ ጌጅ የተባለው ባለ ሁለት ሰሌዳ ግፊት መለኪያ ይገጠማል። አር-134ኤ በሚጠቀም መኪና፣ የውጭው ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ጊዜ፣ ዝቅተኛው ግፊት ከ25 እስከ 45፣ ከፍተኛው ደግሞ ከ150 እስከ 250 ፒ.ኤስ.አይ. ባለው ክልል መገኘቱ የተለመደ ነው። ሁለቱም ከልክ በታች ከወረዱ ጋዝ አንሷል፤ ሁለቱም ከልክ በላይ ከወጡ ጋዝ በዝቷል ወይም ኮንደንሰሩ አልቀዘቀዘም፤ ዝቅተኛው ከፍ ብሎ ከፍተኛው ዝቅ ካለ ኮምፕረሰሩ የማመቅ አቅሙ ደክሟል። ዝቅተኛው ወደ ዜሮ ወርዶ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቢመለስ፣ ወደ ሥርዓቱ የገባ ርጥበት በኤክስፓንሽን ቫልቩ ላይ እየረጋና እየቀለጠ እንደ ሆነ ይገመታል።

የጋዝ መውጫው በሳሙና አረፋ፣ በልዩ መብራት በሚታይ ቀለም ወይም በኤሌክትሮኒክ መፈለጊያ ይገኛል። የተሸነቆረው ክፍል ከተጠገነ በኋላ ማድረቂያው ይለወጣል፤ በቫኪዩም ፓምፕም አየሩና ርጥበቱ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ተመጥጦ፣ ጋዙ በሞተሩ ክፍል በተለጠፈው ጽሑፍ በታዘዘው ክብደት ልክ በሚዛን ይሞላል። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ጋዝ መሙላት በተሰነጠቀ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው።

ከደጋ ወደ ቆላ

በኢትዮጵያ ይህ ሕፀፅ ጎልቶ የሚታየው ከደጋ ወደ ቆላ በሚወርድ መንገድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ብዙ አሽከርካሪ መስኮት መክፈት እየበቃው ኤሲውን ለወራት ሳያስነሣ ይቀራል፤ ኮምፕረሰሩ ሳይዞር ሲቆይም የዘንጉ ጎሚኒ ዘይት ስለማይደርሰው ደርቆ ጋዝ ማሳለፍ ይጀምራል። ይህ ስውር ጉድለት በመዲናዪቱ ቁር ተሸፍኖ ቆይቶ፣ መኪናው አዳማን አልፎ ወደ አዋሽ፣ ከዚያም በአፋር ሐሩር ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ይገለጣል። በየሳምንቱ ኤሲውን ለአሥር ደቂቃ ያህል ማሠራት ጎሚኒውን ያለሰልሳል።

ከፍታው ለጠጋኙም ጉዳይ ነው፤ በባሕር ጠረፍ ወደ 30 ኢንች የሚጠጋ የሜርኩሪ ቫኪዩም የሚያሳይ ጌጅ፣ በአዲስ አበባ ከ22 ወይም ከ23 ኢንች አያልፍም፤ ይህም የከባቢ አየሩ ክብደት ማነስ እንጂ የፓምፑ ድካም አይደለም።

ጥንቃቄ

በግፊት የሚያመልጥ ጋዝ ቆዳንና ዓይንን በቅጽበት ስለሚያቀዘቅዝ መነጽርና ጓንት ግዴታ ናቸው። ከአየር ስለሚከብድ በዝቅተኛ ስፍራ ተጠራቅሞ ትንፋሽ ያሳጣል፤ እሳት ሲነካውም መርዛም አሲድ ይወጣዋል፤ አር-1234ዋይኤፍ ራሱም ሊቀጣጠል ይችላል። አር-134ኤ የምድርን ሙቀት በማባባስ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ ስለሚበረታ፣ የቀረው ጋዝ ወደ አየር ሳይለቀቅ በመሰብሰቢያ መሣሪያ መወሰድ ይኖርበታል። ቀዳዳውን ፈልጎ መድፈን እንግዲህ የባለመኪናውን ገንዘብ ከማዳኑም በላይ፣ ለሚተነፍሰው ሁሉ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።